ሌባ የሆንኩበት መኸር

ባለፈው ጥቅምት ሸዋ ሮቢትን አልፈን ወደ ካራቆሬ ስንጓዝ ሚኒባሱ ጎማ ለመቀየር ቆመ። መንገዱ ዳር አንዲት ሴት ጥንቅሽ ከምራ ትሸጥ ነበር። አንድ አገዳ ገዝቼ ልጣጩን በጥርሴ ስገፍፈው፣ ጣፋጩ ውሃ ምላሴ ላይ ከመድረሱ በፊት ሽታው ቀደመኝ። የሞቀ ቅጠል፣ አቧራ፣ ትንሽ የወፍ ኩስ። የማሽላ ማሳ ሽታ ነው። ጎማው ተቀይሮ ሰው ሁሉ ገብቶ ረዳቱ ሲጠራኝ አልሰማሁትም። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ማማ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ያን ዓመት ትምህርት ቤታችን ውስጥ ወታደሮች ስለሰፈሩ ትምህርት አልተከፈተም። እናቴ ሸዋ ሮቢት አስፋልቱ ዳር ሻይ ቤት ነበራት፤ ጠዋትና ማታ ወታደሮቹ ይሞሉታል። አንዱ በስኳር አባብሎ ስሜን ጠየቀኝና ትርንጎ እባላለሁ አልኩት። እናቴ ከጓዳ ሆና ሰማችን። በማግስቱ ልብሴን በነጠላ ቋጥራ፣ ቀወት ገጠር ወደምትኖረው አክስቴ ላከችኝ። እኔ ግን የተባረርኩት በዚያው ሰሞን የፔርሙስ ክዳን ስለሰበርኩ ነው ብዬ አምኜ ነበር። አክስቴ ቤት ደርሼ የመጀመሪያው ጥያቄዬ እዚያ አገር የፔርሙስ ክዳን የሚሸጥ ሰው አለ ወይ የሚል ነበር። አክስቴ ሳቀች።

የአክስቴን ባል ወባ ጥሎት ስለነበር ማሽላውን ከወፍ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። እኔ ተሾምኩ። ማማ ማለት በአራት ረጃጅም ባላ ላይ የተረበረበ አልጋ ነው፤ ከላዩ ቅጠል ለጥላ ይጣልበታል። ማሽላው ቁመቱ ከሰው በላይ ስለሆነ፣ እግሬን አንጠልጥዬ ስቀመጥ የዛላው ጫፍ ውስጥ እግሬን ይኮረኩረኛል። ግሪሳ የሚባለው ወፍ እንደ ጭስ ተጠቅልሎ ይመጣና ካረፈ ማሳውን ገለባ አድርጎት ይሄዳል። እንዳያርፍ መጮህ፣ ጅራፍ ማጮህ፣ በወንጭፍ ጠጠር መወርወር ነው። ከማለዳ እስከ ረፋድ፣ ከዚያ ደግሞ ፀሐይ ስትበርድ እስኪመሽ። በመካከሉ ሙቀት ነው፤ ወፉም ሰውም ያንቀላፋል።

ማሳዎቹ ጎን ለጎን ሦስት ነበሩ። የእኛ ላይኛው ነው። መካከለኛው ላይ ሰይድ የሚባል፣ በዕድሜ ትንሽ የሚበልጠኝ የጎረቤት ልጅ ይጠብቃል። ከታች፣ ወደ ሮቢ ወንዝ በሚያወርደው በኩል፣ እትዬ ወርቄ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት አሉ። በሦስቱም ማሳ ግርጌ ውሃ የቦረቦረው ጠባብ ፈፋ ይሄዳል። የማማው ጥላ ሥር ያለ ሰው ከሩቅ ስለማይታይ፣ እትዬ ወርቄን ለብዙ ቀን የማውቃቸው በድምፃቸው ብቻ ነበር። ወፍራም፣ ሰፊ ድምፅ ነው። አንድ ጊዜ “ሃይ!” ሲሉ ግሪሳው የሦስታችንንም ማሳ ጥሎ ይሄዳል። በልቤ ዋርካ የሚያህሉ ሴት አድርጌ ነበር የሣልኳቸው።

ጨዋታውን የጀመሩልን እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ወይ ሦስተኛው ቀኔ ይሆናል። እናቴ ናፍቃኝ ሳለቅስ ድምፄ በማሽላው ላይ ሄዶ ደረሳቸው።

“ላይኛዋ፣” አሉ። “ስምሽ ማነው?”

“ትርንጎ።”

“ትርንጎ፣ ሰይድ፣ ስሙ። ዋሻ ደጃፍ ላይ ቆማችኋል። በቀኝ የውሃ ድምፅ ይሰማል። በግራ ጨለማ ነው፣ የሆነ ነገር ይተነፍሳል። ወዴት ነው የምትሄዱት?”

ሰይድ ወዲያው “በግራ” ብሎ ጮኸ። ለካ ከዓመት በፊት ጀምሮ የሚያውቀው ጨዋታ ነው። እኔ ግን ዋሻው የት እንዳለ ለማየት ተነስቼ ቆምኩ።

ጨዋታው በቃል ብቻ ነው። እትዬ ወርቄ ያለንበትን ይናገራሉ፤ እኛ የምናደርገውን እንናገራለን፤ የሆነውን መልሰው ይነግሩናል። ዋሻው ውስጥ አውሬ አለ። እያንዳንዳችን አንድ እፍኝ ጠጠር ነፍስ አለን። አውሬው በመታን ቁጥር አንድ ጠጠር በወንጭፍ ወደ ወፎቹ እንወረውራለን። ጠጠሩ ያለቀበት ሞተ። ብልሃቱ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው፤ አውሬው በበረታ ቁጥር ማሳው ይጠበቃል።

“ሰይድ ጦረኛ ነው፣” አሉ እትዬ ወርቄ። “ጋሻ አለው፣ ጦር አለው። ትርንጎ ሌባ ነሽ።”

ከዚያ በፊት ሌባ ያለኝ ሰው አልነበረም። የፔርሙሱን ክዳን እሳቸው እንዴት እንደሰሙ ገረመኝ። “እኔ ምንም አልሰረቅሁም፣” አልኩ።

“የኔ እናት፣” አሉ፣ ያ ትልቅ ድምፅ ለስለስ ብሎ። “እዚህ ጨዋታ ውስጥ ሌባ ስድብ አይደለም። ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ለማንም ሰጥቼው አላውቅም ነበር።”

ከዚያ ሕጉን አስተማሩኝ። ሌባ ጋሻ የለውም። ከፊት ለፊት ከገጠመ የእሱ ምት አንድ ነው፤ አውሬው ሲመታው ግን ሁለት ጠጠር ይከፍላል። ኃይሉ ያለው ከጀርባ ነው። አውሬው ከሌላ ሰው ጋር ተያይዞ ሳለ፣ ሌባው አውሬው ከወጣ ጀምሮ አንድም ቃል ካልተነፈሰ፣ “ከጀርባው ነኝ” ብሎ አንዴ መውጋት ይችላል። ያ አንድ ምት የጦረኛን አምስት ምት ያህላል። ግን አንዴ ብቻ ነው። ከወጋ በኋላ አውሬው ወደ እሱ ይዞራል፤ ሮጦ፣ ተደብቆ፣ እንደገና ዝም ካላለ ሁለተኛ አይሆንለትም። ደግሞ አንዴ ከጀርባው የተወጋ አውሬ ይነቃል፣ ጆሮው ይቆማል።

“ጎራዴ ስጡኝ፣” አልኩ።

“ጎራዴ ይዞ ከጀርባ የሚደርስ የለም። ያብረቀርቃል፣ ቅጠል ይነካል። አጭር ቢላዋ ነው ያለሽ።”

ምቱ መድረስ አለመድረሱን የሚወስነው ደግሞ ወፉ ነበር። ሌባው “ወጋሁ” ካለ በኋላ ሦስታችንም ቀና ብለን ግሪሳውን እንጠብቃለን። ከፈፋው በኩል ከተነሳ ቢላዋው ገባ፤ ከወንዙ በኩል ከተነሳ ሳተ። ወፉን ሁላችንም ስለምናየው ክርክር አልነበረም። ሰይድ ብቻ አልፎ አልፎ “ወላሂ ከመሀል ነው የተነሳው” ይላል።

ለረጅም ጊዜ እኔ ሟች ነበርኩ። አውሬው ወጣ ሲባል ገና ሰይድ ጋሻውን ሳያነሳ “ከጀርባው ነኝ!” እላለሁ። “ገና ማንንም አልያዘም፣” ይላሉ እትዬ ወርቄ። “ዞሮ አየሽ። ሁለት ጠጠር።” ሰይድ ይናደድብኛል። ለሌባ ከባዱ ነገር ዝም ማለት ነው። ጨዋታው በሙሉ ድምፅ ሆኖ ሳለ፣ ዝም ስል ከማሳው ጠፍቼ የሄድኩ፣ የተረሳሁ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ አለሁ ለማለት እጮኻለሁ፤ ስጮህ እሞታለሁ።

አውሬው እውነት እንደሆነ ደግሞ ጥርጥር አልነበረኝም። ምክንያቱም እትዬ ወርቄ ይመግቡት ነበር። ከማማዬ ላይ ሆኜ አይቻለሁ። ጠዋት ሲመጡ በአገልግል የሚያመጡት ቂጣና ንፍሮ ለአንዲት ሴት የሚበዛ ነው። ፀሐይ ስትከር፣ ወፉ ሲያርፍ፣ ነጭ ሻሻቸው ከማማው ወርዶ ማሽላው ውስጥ ይሰምጥና ይቆያል። ሲመለሱ አገልግሉ ቀሎ ይወዛወዛል። አክስቴን “እትዬ ወርቄ ማሽላው ውስጥ ምን ያበላሉ?” አልኳት አንድ ማታ። አክስቴ የያዘችውን እቃ አስቀመጠች። “ራሳቸው ናቸው የሚበሉት፣” አለች። “ሴትዮዋ ርሃብ አይችሉም። ይኼን ሌላ ቦታ እንዳታወሪ፣ ያፍራሉ።” አዘንኩላቸው። በማግስቱ ከቁርሴ ግማሽ ቂጣ ደብቄ በሰይድ በኩል ላክሁላቸው። ሰይድ ወስዶ አደረሰ፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ጥንቅሽ አማረኝ። ከእትዬ ወርቄ ማሳ ጠርዝ ላይ ጥቂት ጥንቅሽ እንዳለ አውቃለሁና ወርጄ በድንበሩ ሄድኩ። ውስጡ ሌላ አገር ነው። ብርሃኑ አረንጓዴ ነው፣ ቅጠሉ ክንድ ይቧጭራል፣ ነፋስ አይገባም። አንዱን አገዳ ለመስበር ጎንበስ ስል እግር አየሁ። ጆንያ ላይ የተጋደመ ወጣት ነው። ፊቱ የከሳ፣ ጢሙ ገና ማቀምቀም የጀመረ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን እሱ ከእኔ ይበልጥ ደንግጦ ሳየው ተውኩት።

“ሌባዋ አንቺ ነሽ?” አለኝ በሹክሹክታ።

“አዎ።”

“ትቸኩያለሽ።”

ተናደድኩ። “አንተ በምን አወቅህ?”

“በየቀኑ እሰማለሁ። አውሬው እንደወጣ ወዲያው ትናገሪያለሽ። ያን ጊዜ ጆሮው የቆመ ነው። ሰይድ እስኪመታ ጠብቂ። አንዴ ሲመታም አትናገሪ፣ ደግሞ እስኪመታ። በሰይድ ሲናደድ ያኔ ሌላው ሁሉ ይጠፋበታል።”

“ሰይድ ነፍሱ ያልቅበታላ።”

“ጋሻ የተሰጠው ለዚህ ነው። አንቺ ስትቸኩይ ነው ሁለታችሁም የምትሞቱት።” ትንሽ ፈገግ አለ። “ዝም ማለት መጥፋት አይደለም። እየጠበቅሽ ነው።”

“አንተም ትጫወታለህ?”

“እኔ ዝም ማለቴ ላይ ነኝ፣” አለ። ጥንቅሹን ራሱ ሰብሮ፣ ቅጠሉን መልጦ ሰጠኝ። “እንዳየሽኝ ለማንም አትንገሪ። ለሰይድም።”

ማማዬ ላይ ተመልሼ ጥንቅሼን እያላመጥኩ ቀናሁበት። ለሳምንታት አንድ ቃል ሳይተነፍስ ከአውሬው ጀርባ የተኛ ሌባ ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት። ቂጣውም የእሱ ነበር። እንደዚያ ያለ ተጫዋች እያለ እትዬ ወርቄ እኔን ለምን እንደሾሙኝ አልገባኝም። ያን ዕለት አመሻሽ አውሬው ሲወጣ ጉልበቴን አቅፌ ዝም አልኩ። ሰይድ ተመታ። “ትርንጎ የት አለሽ?” አለ። ዝም። ደግሞ ተመታ። ያኔ፣ “ከጀርባው ነኝ፤ ወጋሁ፣” አልኩ። ግሪሳው ከፈፋው በኩል ተነሳ።  “ገባ፣” አሉ እትዬ ወርቄ። “ወደቀ።” ድምፃቸው ውስጥ የሆነ ነገር ነበር፤ እኔ ጉንፋን መሰለኝ።

ማሽላው ሊቀላ ሲል፣ አጨዳ ሲቃረብ፣ ሰዎቹ መጡ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ነፋስ ነበረ። መጀመሪያ የሰማሁት እትዬ ወርቄን ነው።

“አውሬው ወጣ፣” አሉ። “ከወንዙ በኩል ነው። ሦስት ራስ አለው።”

ሦስት ራስ ያለው አውሬ ገጥሞን አያውቅም። ቀና ስል በድንበሩ መንገድ ላይ የኮፍያ ጫፍ አየሁ። ከዚያ የጠመንጃ አፈሙዝ። ሚሊሻዎች ናቸው። ያን ሰሞን ወጣት ለግዳጅ እየታፈሰ እንደሚወሰድ፣ ደብዛቸው የጠፋውንም ቤት ለቤት እንደሚፈልጉ አክስቴ ከባሏ ጋር ስታወራ ሰምቻለሁ። አንደኛው ሰውዬ ከእትዬ ወርቄ ማማ ሥር ቆሞ ወደ ላይ ሲናገር፣ ሁለተኛው ወርዶ ፈፋው ውስጥ ሲቆም፣ ሦስተኛው የማማውን ባላ ይዞ ሊወጣ ሲጀምር፣ ቀስ እያለ ገባኝ። ጆንያ ላይ የተኛው ሰው እየተጫወተ አልነበረም።

“ልጅዎ የት ነው?” ሲል ነፋሱ አመጣልኝ።

“አሳይታ እርሻ ልማት ሥራ ሄዷል ብያለሁ እኮ፣” አሉ እትዬ ወርቄ። “ደብዳቤም አይጽፍም።”

የወጣው ሰውዬ ማማው ላይ ቆሞ ማሽላውን ቁልቁል ማየት ጀመረ። ከላይ የሚያይ ሰው እያለ ማሽላው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ካለ ጫፉ ይወዛወዛል፤ ያስታውቃል። እኔም የተደበቅሁ ይመስል ትንፋሼን ያዝኩ። ጮኼ “ሽሽ” ልለው አፌን ስከፍት፣ ትቸኩያለሽ ያለኝ ትዝ አለኝና ዘጋሁት።

ያኔ ሰይድ ከመካከለኛው ማማ፣ “እኔ እዚህ ነኝ፣ ና ግጠመኝ!” ብሎ ጮኸና ወንጭፉን አሽከረከረ። ጠጠሩ ከማማው ሥር የቆመውን ሰውዬ ኮፍያ አንስቶ ማሽላው ውስጥ ጣለው።

ስድቡ እስከ እኔ ተሰማ። ሰውዬው ወደ ሰይድ ገሰገሰ። ማማው ላይ የነበረው ተንሸራቶ ወርዶ ተከተለ። ሰይድን ከማማው ጎትተው ሲያወርዱት “ወላሂ ወፍ መስሎኝ ነው” ሲል፣ ከዚያ የጥፊ ድምፅ ሰማሁ። ወደ ፈፋው ዞርኩ። የሚጠብቀው ሰውዬ አሁንም እዚያው ነው፣ አንገቱን እያሰገገ። ሰይድ ደግሞ ተመታ፣ አለቀሰ። ዝም አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ዝም ያልኩበት ጊዜ የለም። ሰውዬው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ሁካታውን ሊያይ ከፈፋው ወጥቶ ወደ ሰይድ ሄደ። ከላይኛው ማማ በቀር ይኼን የሚያይ ሰው አልነበረም።

“ከጀርባው ነኝ፣” አልኩ በሙሉ ድምፄ። “በፈፋው በኩል ነው። ወጋሁ።”

አንድ ሚሊሻ ዞሮ ወደ እኔ አየና ለጓደኛው የሆነ ነገር አለው። ሳቁ። የልጆች ጨዋታ ነው።

በእትዬ ወርቄ ማሳ ውስጥ የማሽላው ጫፍ ከነፋሱ በተቃራኒ፣ እንደ ቀጭን መስመር፣ ወደ ግርጌ ተወዛወዘ። ከዚያ ከፈፋው በኩል ግሪሳው ግልብጥ ብሎ ተነሳ። ሥሩ ሰው ሲያልፍበት ነው የተነሳው። ሰዎቹ ቀና አሉ። እኔ ወዲያው “ሃይ! ሃይ!” እያልኩ ወንጭፌን ወደ ወፎቹ ለቀቅሁ፤ ጠጠሬ እስኪያልቅ ወረወርኩ። ያስነሳሁት እኔ መሰልኩ። ማሽላው ውስጥ ገብተው እየሰበሩ እስከ ማታ ፈልገው ያገኙት ጆንያ ብቻ ነበር። “የወፍ ጠባቂ ጆንያ ነው፣” አሉ እትዬ ወርቄ።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ እትዬ ወርቄ በድንበሩ መጡ። ማማዬ ሥር ሲደርሱ ማን እንደሆኑ አላወቅኋቸውም። አጭር ናቸው። ከአክስቴ ያጠሩ፣ ቀጭን፣ እጃቸው የሕፃን እጅ የሚያህል ሴት። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደሚቀመጥ እንጃ። ሰይድን ይዘውት መጥተዋል፤ ጆሮው አብጧል። ቁጭ አድርገው ከቅሉ ውሃ እያፈሰሱ አጠቡት። የሰይድ ጭንቀት ሌላ ነበር። “በሐሰት ማልኩ፣” አለ። “ወፍ እንዳልሆነ አውቅ ነበር።” እትዬ ወርቄ የነጠላቸውን ጫፍ በውሃ ነክረው ጆሮው ላይ ያዙለትና፣ “ያንተን ኃጢአት እኔ ልውሰደው። የትም አልጥለውም፣” አሉት። ከዚያ ሁለታችንንም አንዳንድ ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ እስክትገባ ተቀመጡ። ወፉ እንደልቡ በላ።

ማሽላው ሲታጨድ ማማዎቹ ፈርሰው እንጨታቸው ለማገዶ ሆነ። በዚያው ሳምንት አንድ ከማጀቴ ገበያ የተመለሰ የበሬ ነጋዴ በእትዬ ወርቄ ደጅ አለፈ። ምን እንዳላቸው አልሰማሁም፤ ግን ያን ቀን ፀጉራቸውን ታጥበው ቅቤ ተቀቡ።

ትምህርት ሊከፈት ነው ተብሎ እናቴ ልትወስደኝ መጣች። እትዬ ወርቄ እሸኛለሁ ብለው እስከ አስፋልቱ አብረውን ሄዱ፤ ጥቅሌን ለማንም አልሰጡም። ዛፍ ሥር ቆመን መኪና ስንጠብቅ እናቴና እሳቸው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወባው፣ ስለ ዘይት መጥፋት አወሩ። በዚያ አገር በዚያ ወራት ስለ ልጅ ሰው ሰውን አይጠይቅም ነበር፤ በተለይ ስለ ወንድ ልጅ። እናቴ የከተማ ሰው ናት፣ ሳታስበው አመለጣት።

“እርስዎስ እትዬ፣ ልጅ አለዎት?”

አክስቴ መሬት መሬት አየች። በመንገዱ ሰው ይተላለፋል፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ጠመንጃ የያዘ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እትዬ ወርቄ ጥቅሌን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

“አለኝ፣” አሉ፣ ማማ ላይ በሚናገሩበት በዚያ በሰፊው ድምፃቸው። “ወንድ ልጅ አለኝ። መስፍን ይባላል። በርበሬ አይወድም።”